የእትዬ መነጽር

ባለፈው ቅዳሜ የመጽሐፍ መደርደሪያዬን ሳጸዳ ከአንድ የቆየ ልብ ወለድ ውስጥ የሒሳብ ደብተር ቅጠል ወደቀ። የወረቀቱ ትንንሽ ካሬዎች በቀይ እርሳስ ተሞልተው ሁለት ቃል ሠርተዋል። ሁለተኛው ቃል ስህተት ነው። ወረቀቱን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ናፍታሊን ሸተተኝ። የድሮ ጎረቤታችን እትዬ ካረፉ እንኳ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው፣ ሽታው እስከ ዛሬ ሊቆይ አይችልም። ግን ሸተተኝ፣ ምን ላድርግ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ በራችን ከእትዬ በር ፊት ለፊት ነበር። ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፤ ትምህርቴ የጠዋት ፈረቃ ስለነበረ እናቴ ከሥራ እስክትመለስ ከሰዓት በኋላው ሁሉ የእሳቸው ነበር። ክራቸውን ብል እንዳይበላባቸው ናፍታሊን ይጨምሩበት ስለነበር ቤታቸውም፣ ነጠላቸውም፣ በኋላ በኋላ የእኔ ፀጉርም ያንኑ ይሸት ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ዱካ አውጥተን እንቀመጣለን። ፀሐይዋ በብረቱ አጥር መሐል እየሾለከች ጉልበታችን ላይ ታርፋለች፤ ከታች ከመንገዱ ደግሞ የታክሲ ረዳቶች «ተክለ ሃይማኖት! መርካቶ!» ሲሉ ይሰማል።

እትዬ ሁለት ሙያ ነበራቸው፤ ሹራብና ጥልፍ። ጥልፉ የጨርቁን ክር እየቆጠሩ ትንንሽ መስቀል በመደርደር የሚሞሉት ዓይነት ነው። እኔ መጽሐፍ ስለጨመርኩበት ሦስት ሙያ ነበረኝ፤ ይኸውም አንዱንም አልጨርስም ማለት ነው። ግማሽ ሻርፕ፣ ግማሽ የአበባ ጥልፍና ግማሹ የተነበበ ልብ ወለድ ጭኔ ላይ ከምሬ ስቀመጥ ይቆጡኝ ነበር።

«አንቺ ቀልቃላ! ሹራብ ዓይን አይፈልግም፣ እጅሽ ብቻውን ይሠራዋል። ጥልፍ ግን ዓይን ይፈልጋል። ያ መጽሐፍሽ ደግሞ ዓይንሽንም ልብሽንም ነው ይዞት የሚሄደው። አንዱን አስቀምጪ!»

በመጨረሻ ሕግ አወጡ። እሳቸው ሹራብ ሲይዙ እኔ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ ጥልፍ ሲይዙ ሁለታችንም ዝም። እሳቸው ግን አንድም ቀን አንብበውልኝ አያውቁም። «መነጽሬን የሆነ ቦታ ጥዬው ነው እንጂ» ይላሉ። የመብራት ቢል ሲመጣም፣ ሐኪም ወረቀት ሲሰጣቸውም «መነጽሬን ረስቼ ነው፣ እስቲ እይልኝ» ነው። ያን መነጽር አይቼው አላውቅም። ክሩን በቀጭኑ መርፌ ቀዳዳ ባንዴ የሚያሾልኩ ሴት ነበሩ፤ እኔ ግን ምንም አልጠረጠርኩም።

የእህታቸው ልጅ ልታገባ ሆነ። እትዬ ለሁለት ሰው የሚሆን ረጅም የትራስ ልብስ ሊጠልፉላት አሰቡ፤ ላዩ ላይ «መልካም ሕልም» የሚል።

«ፊደሉን በካሬ ወረቀት ሥዪልኝ፣ እኔ እየቆጠርኩ እሞላዋለሁ» አሉኝ።

እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን የያዝኩት ልብ ወለድ ልብ ሰቅሎ የሚይዝ ቦታ ላይ ደርሶ ነበር፤ ልጅቷ ታማ ተኝታለች፣ ትዳን አትዳን አልታወቀም። ሕጉን ጥሼ ባንድ ዓይኔ እያነበብኩ ባንድ ዓይኔ ሳልኩላቸው። እትዬም «እስኪያልቅ አታዪውም» ብለው እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ ጠዋት ጠዋት እየሠሩ ሁለት ወር ፈጀባቸው።

ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው ከትምህርት ቤት ስመለስ የትራስ ልብሱን ዱካው ላይ ዘርግተው ጠበቁኝ። በነጩ ጨርቅ ላይ፣ በደማቅ ቀይ ክር፣ አንዲት መስቀል እንኳ ሳትዛነፍ፣ «መልካም ሕመም» ይላል።

ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ገባኝ። አንደኛው የእኔ ጥፋት ነው። ሁለተኛው፣ ሁለት ወር ሙሉ ያን ቃል ሲጠልፉ ያላዩት ለምን እንደሆነ ነው። ስህተቱን ብነግራቸው፣ ማንበብ እንደማይችሉ ማወቄን መንገሬ ነው። ዝም ብል ደግሞ እሑድ ሠርገኛው ሁሉ ይስቅባቸዋል።

«ምነው፣ አላማረም?»

«በጣም አምሯል እትዬ። እኔ ግን... አንድ ፊደል ተሳስቼ ነው የሳልኩልዎ።»

«የትኛዋን?»

በጣቴ አሳየኋቸው።

«እና አሁን ምን ይላል?»

«መልካም... ሕመም።»

ትራሱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ በሳቅ ፈረሱ። «ለሙሽራ! ወይ ጉድ፣ ለሙሽራ!» እያሉ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። ሳቁ ሲበርድላቸው ግን ወደ መንገዱ እያዩ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መነጽሬን አድርጌ ቢሆን አየው ነበር» አሉ።

«አዎ እትዬ፣ መነጽርዎን ስላላደረጉ ነው» አልኩ። በዕድሜዬ ከዋሸሁት ሁሉ የማልጸጸትበት ይሄ ብቻ ነው።

ልፍታው ብዬ መቀስ ሳነሳ እጄን ያዙኝ። «ተይው። ቀዳዳው ይታያል፣ ለሙሽራ የተፈታ ነገር አይሰጥም» አሉ። እኔ ሳነብላቸው ለራሳቸው የሠሩትን የሹራብ አልጋ ልብስ ለሙሽሪት ሰጡ። ትራሱ ናፍታሊን ተደርጎበት ሣጥን ገባ፤ የሳልኩበትን ካሬ ወረቀት እኔ ልብ ወለዴ ውስጥ ሸጎጥኩት።

በማግስቱ ባዶ ካሬ ወረቀት ይዘው መጡ። «ያቺን የሳትሻትን ፊደል፣ ትክክለኛዋን ሥዪልኝ እስቲ። ለጥልፍ ነው» አሉኝ። «ል»ን ሳልኩላቸው። በሳምንቱ «መ»ን አሉኝ። እንዲሁ ለጥልፍ ነው፣ ለጥልፍ ነው እየተባባልን ፊደሉን ዘለቅነው። ትምህርት የሚለው ቃል አንድም ቀን ከአፋችን አልወጣም።

ዛሬም እሑድ እሑድ ሹራቤን፣ ጥልፌንና መጽሐፌን ጭኔ ላይ እከምራለሁ፤ አልተሻለኝም። ፊደል በምስልበት ቀን ብቻ መጽሐፉን ሌላ ክፍል ወስጄ አስቀምጠዋለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ከልደታም ለቀቅን። እትዬን መጠየቄ እየራቀ ሄደ፤ ይህን ስናገር አፍራለሁ። አንድ ቀን እናቴ ደውላ «እትዬ አልጋ ይዘዋል» አለችኝ። ሮጬ ሄድኩ። ቤቱ ያው ናፍታሊን ይሸታል። በጣም ከስተዋል፣ እጃቸው እንደ ድሮው ሹራብ የያዘ ይመስል ብርድ ልብሱ ላይ ይንቀሳቀሳል። የተንተራሱትን ሳይ ደነገጥኩ።

«እትዬ ደግሞ! ሌላ ትራስ ጠፍቶ ነው?»

«ዝም በይ እስቲ፣ ይቺ ናት ልኬ።»

ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው ጣታቸውን ቀዩ ክር ላይ አሳረፉ። ከዚያ ቀስ እያሉ፣ ፊደል በፊደል፣ አነበቡልኝ።

«መ... ል... ካ... ም... ሕ... መ... ም።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«አየሽ?» አሉኝ። «ያለ መነጽር።»