ሽቦው ሳይጋጠም የሰነበተበት ሳምንት

ከድሩ የሰበታ ልጅ ነው። አባቱ የጨርቅ ሱቅ ስለነበራቸው ልጃቸው ሜትር ይዞ ከባንኮኒው ኋላ እንዲቆም ይመኙ ነበር። እሱ ግን የተበላሸ ሬድዮ ካገኘ ምሳውን የሚረሳ ዓይነት ነበርና፣ አድጎ ያገለገሉ ኤክስካቫተሮችን ኤሌክትሪክ የሚጠግን ሆነ።

እነዚህ ማሽኖች እዚህ እስኪደርሱ በስንት እጅ እንዳለፉ የሚያውቅ የለም። አንዱ ባለቤት የማስጠንቀቂያ መብራቱን ሽቦ ቆርጦ ማሽኑን ይሸጣል፤ ሌላው የተላጠውን በናስትሮ ጠቅልሎ ያልፋል። ማሽኑ ሲታመም ስክሪኑ ላይ ቁጥር ያወጣል። ያን ቁጥር ሁሉም ኮድ ይለዋል፤ ኮዱን ያየ ሰውም በሽታውን ያወቀ ይመስለዋል። ከድሩ ግን "ኮድ የት እንደሚያመው ነው የሚነግርህ፤ ምን እንደነካውማ ራስህ ፈልግ" ይል ነበር።

ሥራው ከቤት ያርቃል። የታመመ ኤክስካቫተር ተጭኖ ሐኪም ዘንድ አይሄድም፤ ሐኪሙ ነው ካለበት የሚሄደው። ዛሬ ቡራዩ፣ ነገ መናገሻ፣ ከዚያ ወዲያ ጫንጮ። ሬሐናን ካገባ ወዲህ እቤቱ ካመሸበት ይልቅ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ያመሸበት ይበዛል። እሷ ስታረግዝ አንድ ነገር ብቻ ተመኘ፦ ልጁ ሲወለድ በቀኝ ጆሮው አዛን የሚያሰማው ራሱ እንዲሆን። በዚህ ዓለም መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ የአባቱ ድምፅ እንዲሆን።

በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ ከሱሉልታ ወዲያ ካለ የድንጋይ ካባ ተጠራ። ደርሶ ለመመለስ ነበር የሄደው። በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ። በማስተር ፕላኑ ሰበብ ከተማው መሬታችንን ሊውጥ ነው ብሎ ሕዝቡ ተነስቶ፣ ወጣቱ አስፋልቱ ላይ ድንጋይና ግንድ ደርድሯል። ከሩቅ አልፎ አልፎ ተኩስ ይሰማል።

ማሽኑን የሚነዳው ነገሳ የተባለ የሱሉልታ ልጅ ነበር። ኤክስካቫተሩ ሞተሩ ሲሞቅ ክንዱ ይዝላል፤ ከዚያ ጨርሶ ይቆማል።

"ኮዱ ስንት ነበር?" አለው ከድሩ።

"አጠፋሁት።"

"እንዴት አድርገህ?"

"ባትሪውን ነቀልኩና መልሼ ሰካሁት። ጋሽ እሸቴ ኮድ ካዩ ‘ምን ነካክተህ ነው?’ ይሉኛላ!"

"እና የታመመውን ሰው አፉን አፍነህ ሐኪም ጠራህ? ያ ነገሳ! ጎበዝ!" አለው፣ ስሙን በኦሮምኛ ወግ ጠርቶ።

ይህ የኦፕሬተሮች ሁሉ ልማድ ነው። ስለዚህ ከድሩ ማሽኑ ሕመሙን እንደገና እስኪናገር መጠበቅ ነበረበት። እየጠበቀ ሳለ የሬሐና እናት ደወሉ።

"ከድሩ፣ አላህ ሴት ልጅ ሰጥቶሃል። እናትየውም ደህና ናት።"

"አልሐምዱሊላህ! ... አዛኑስ?"

"አያትየው አደረጉላት። ምን እናድርግ? ልጅ መንገድ እስኪከፈት አትጠብቅም! በል ለአቂቃው ድረስ። ሰባተኛው ቀን ላይ በጉ ሲታረድ አባት ከሌለ ምን ይባላል?"

ስልኩን ዘግቶ ከማሽኑ ሰንሰለት ላይ ተቀመጠ። ከእንጦጦ ጀርባ ሆኖ ሰበታን ማሰብ ለካ እንዲህ ይርቃል። ያላያትን ልጅ ፊት ሊስል ሞከረ፤ የሬሐና ዓይን ብቻ ይመጣበታል።

የካባው ኃላፊ ጋሽ እሸቴ ወሬውን ሰምተው መጡ። "እንኳን ደስ ያለህ! እንግዲህ ፍጠን። ማሽኑ ከተነሳ ነገ መንገዱን እንዲጠርግ ታዘናል። ነገሳ ከፊት ድንጋዩን እየገፋ፣ እኛ በፒክአፕ ከኋላ። ማታ ሰበታ ነህ፤ ልጅህን ታቅፋለህ።"

ከድሩ እጁ እሳት ሆነ። ሞተሩን አስነስቶ ክንዱን ሲያወጣ ሲያወርድ ዋለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ኮዱ ብልጭ አለ፤ የፓምፑ ግፊት ሴንሰር። የሴንሰሩን ሽቦ በጣቱ እየዳሰሰ ተከተለው። ከወለሉ ሥር፣ በብረት ጠርዝ ላይ በሚያልፍበት ቦታ፣ የማያውቀው መካኒክ የጠቀለለው አሮጌ ናስትሮ ተፈትቶ አገኘው። መዳቡ ተላጧል፤ ሲነካው በእጁ ላይ ተበጠሰ። ሌላ ምንም አልነበረም። አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ።

"አገኘሁት!" አለ እየሳቀ።

ነገሳ አልሳቀም። አጠገቡ ቁጢጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ያ ከድሩ፣ ድንጋዩን የደረደሩት የሰፈሬ ልጆች ናቸው። ታናሽ ወንድሜም አለበት። ባልዲውን አንስቼ ስመጣ ከፊቴ የሚቆመው እሱ ነው።"

"እምቢ በላቸዋ።"

"‘ከነሱ ነህ’ ብለው ይወስዱኛል። ማል ጎና? ምን እናድርግ? ማሽኑ ካልሠራ ግን ማንም አይጠይቀኝም።" መሬቱን በጣቱ ጫረ። "አንተም ልጅህ እንዳለች አውቃለሁ። ጠግነው አልልህም፣ አትጠግነው አልልህም።"

ከድሩ የሽቦውን ሁለት ጫፍ በሁለት ጣቶቹ መካከል ያዘ። ቢያጋጥማቸው ሰበታ ነው። የሬሐና ትራስ፣ የበጉ ድምፅ፣ ትንሿ ጆሮ። ከዚያ ጫፎቹን ለየብቻ በናስትሮ አፈናቸውና ወለሉን መልሶ ገጠመ።

ጋሽ እሸቴ ሲመጡ "ኮዱ አልጠፋም" አላቸው።

"አልጠፋም? አንተ ሌላ ጊዜ በሻይ ሰዓት ትጨርሰው የለም እንዴ?"

"አልጠፋም፣ ጋሼ።"

"እንግዲህ የከድሩም እጅ ኮድ አውጥቷል ማለት ነው!" ብለው የካባውን ሰዎች አሳቁበት። ወሬው ጫንጮ ድረስ ደረሰ። ሌላ መካኒክ እንዳይጠሩ መንገዱ ዝግ ነው። ነገሳ ብቻ ሳይስቅ ምሳውን ያካፍለዋል።

በሰባተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከማሽኑ ጋቢና ውስጥ ሆኖ ደወለ። ከስልኩ ጀርባ የሰፈሩ ሰው ይንጫጫል።

"ስሟን ማን እንበላት?" አለች ሬሐና። ድምፅዋ የኩርፊያ ነው።

"አሪጅ።"

"እሺ።"

"ሬሐና፣ ስልኩን ቀኝ ጆሮዋ ላይ አድርጊልኝ።"

ጫጫታው ራቀ። ትንሽ ትንፋሽ ሰማ፤ እንደ ድመት ግልገል። "አላሁ አክበር" ብሎ ጀመረ። ፊት ለፊቱ ስክሪኑ ላይ ያ ቁጥር ብልጭ ድርግም ይላል። እንደምንም እስከ መጨረሻው አዘለቀው። ሲጨርስ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ተዘግቶ ነበር፤ የት ላይ እንደተቋረጠ አላወቀም።

በኋላ የአገር ሽማግሌዎች ወጣቶቹን አነጋግረው፣ ድንጋዩን የደረደሩት ልጆች ራሳቸው አነሱት። ያን ዕለት ከድሩ ሽቦውን አጋጠመው። ሞተሩ ሲሞቅም ክንዱ አልዛለም። ነገሳ "ገለቶሚ" ብሎ አመሰገነውና እጁን ይዞ ሳይለቀው ቆየ።

ሰበታ ሲደርስ አሪጅ ነቅታ ነበር። ሲያቅፋት ጮኸች። ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብሎ ስሟን ጠራላት፤ ባሰባት።

"ተዋት፣ ገና አልለመደችህም" ብላ ሬሐና ተቀበለችው። ልጅቱ ዝም ስትል ሬሐና ቀና ብላ አየችው። "ለመሆኑ ይህን ሁሉ ቀን ያቆየህ የማሽኑ ብልሽት ምን ነበር?"

"አንድ ሽቦ።"

"አንድ ሽቦ?" ዓይኗ እንባ አቀረረ። "አንድ ሽቦ ነው ከልጅህ አቂቃ ያስቀረህ?"

ከድሩ ናስትሮ ያጠቆረውን እጁን አየና አጠገቧ ተቀመጠ።

"አስተኚያትና እነግርሻለሁ" አላት። "ነገሳ የሚባል ልጅ አለ፤ ከእሱ ነው የምጀምርልሽ።"