የተረፈው ባትሪ

በታክሲ ተራው ላይ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም፤ ሁሉም «ኤሊው» ነበር የሚለው። በኤሌክትሪክ መኪናው ቀስ እያለ ሲመጣ ከሩቅ ያዩት ሾፌሮች ይቀባበሉታል።

«ኤሊው መጣ! ትናንት ያሳፈረው ሰው ዛሬ ሊወርድ ነው!»

«ሳቁ፣ ሳቁ» ይላቸዋል መስታወቱን ዝቅ አድርጎ። «ኤሊ ቤቱን ተሸክሞ ነው የሚሄደው። መንገድ ላይ የምታድሩት እናንተ ናችሁ።»

ደግሞም እውነቱን ነበር። ባትሪ አልቆበት የተገፋበት ቀን የለም። እግሩ ቀላል ነው፤ ቀይ መብራት ገና ከሩቅ ሲያይ እግሩን ያነሳና መኪናው በራሱ እየተሳበ ይደርሳል እንጂ ፍሬን ሲረግጥ አይታይም። በዚያች ቅጽበት ባትሪው ጥቂት መልሶ እንደሚጠጣ ያውቃል። ቁልቁለት ሲያገኝ ፊቱ እንደ ሙሽራ ይፈካል። ማሞቂያ የሚባል ነገር ግን አይወድም። «የመኪና አየር ማሞቅ በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው» እያለ ተሳፋሪውን ካፖርት ያስለብሳል። ሬዲዮውንም፣ የመስታወቱንም ማሞቂያ፣ ሁሉንም በአንድ ዓይን ነበር የሚያየው።

«ቁልፍ ሁሉ አፍ አለው» ይል ነበር። «አፍ ያለው ሁሉ ደግሞ ይበላል።»

ይህን አባባል አብዝታ የሰማችው ሚስቱ ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ጨርቅ አታባክንም፣ ክር አትጥልም፤ ስለዚህ ነገሩ ቶሎ ገባት። ከገባትም በኋላ አልወጣላትም። አሁን የማወራው እሷ ከመሞቷ በፊት ስለነበረው የመጨረሻው ብርድ ነው።

ኩላሊቷ ሥራ አቁሞ ነበር። ደሟን የሚያጥብላት ማሽን ያለው ከተራራው ማዶ፣ ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ለዚያ መንገድ ኤሊው የራሱ የሆነ ሥርዓት ነበረው። ማለዳ መኪናው ከግድግዳው ሶኬት ሳይነቀል ውስጡን በደንብ ያሞቀዋል፤ ሙቀቱ ከቤቱ መብራት እንጂ ከባትሪው እንዳይሄድ። ከዚያ ይነቅልና ማሞቂያውን ያጠፋል፤ የእሷን ወንበር ማሞቂያ ብቻ ይተውላታል። አየር ከማሞቅ ሰው ማሞቅ ይሻላል፣ ባይ ነው። ተራራው ሥር ያለው ጣቢያ ላይ ባትሪውን ይሞላና ዳገቱን ይወጣል።

የዚያን ቀን ግን ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ አደረ። ማለዳ ሲነሳ የመኪናው ባትሪ ከግማሽ ብዙም አላለፈም፤ ውስጡም በረዶ ነው።

«እንቅር ይሆን?» አለች፣ በሩ ላይ ቆማ። እግሯ አብጦ የእሱን ጫማ አድርጋለች። ሦስት ቃል ተናግራ ለትንፋሽ ታርፋለች።

«ምን እንቀራለን! ጣቢያው ላይ እንሞላለን።»

ባለፈው ተራዋን ስታሳልፍ ሐኪሙ ኤሊውን ለብቻው ጠርቶ «ሁለተኛ ብትቀር እኔ የለሁበትም» ብሎት ነበር። ይህን ለእሷ አልነገራትም። እሷ ደግሞ ከፊቱ አንብባው ነበር።

ጣቢያው ሲደርሱ የቻርጅ ማድረጊያው ስክሪን ጨልሟል። ወርዶ ገመዱን ሰካ፤ ነቀለ፤ መልሶ ሰካ። የጣቢያው ጥበቃ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ያየዋል።

«አይልፉ አባባ። መስመሩ በሙሉ ነው የሄደው።»

«መቼ ይመጣል?»

«እሱን እኔም ብጠይቅ የሚነግረኝ የለም።»

ኤሊው ገመዱን መልሶ ሰቀለ። ቢመለስ ቤትም መብራት የለም፤ ቢጠብቅ ተራዋ ያልፋል። አውቶቡሱ ማለዳ ሄዷል። የባትሪውን ቁጥር አየ፤ ተራራውን አየ። እንደ እሱ ስሌት ላይበቃ ይችላል፤ ቢበቃም በጭንቅ ነው።

ገብቶ መሪውን ያዘ። «እንሄዳለን» አላት። «ያንቺ ወንበር ብቻ ይሠራል። ሌላውን ሁሉ አጥፍቻለሁ።»

«መልካም» አለችና የካፖርቷን ጫፍ ሰብሰብ አድርጋ ጎኗ ላይ ጣለችው።

ዳገቱን እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ወጣው። ከኋላ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ነፋበት፤ ዳር ይዞ አሳለፈው። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ወርደህ ግፋው!» ብሎት አለፈ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አያጣም ነበር። ትንፋሻቸው መስታወቱን ሲጋርደው በጨርቅ ይወለውላል፤ ጣቶቹ ደንዝዘው መሪው የሌላ ሰው እጅ የያዘው መሰለው።

«ሞቆሻል?»

«ሞቆኛል።»

ትንሽ ቆይቶ እንደገና፣ «በደንብ ሞቆሻል?»

«ሞቆኛል አልኩህ እኮ። ዓይንህን ከመንገዱ አትንቀል።»

ቁጥሩ እንደፈራው አልወረደም። አናቱ ላይ ሲደርሱ የሚያወርዳቸው ተርፎ ነበር፤ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ባትሪው እየጠጣ ወረደ። ኤሊው ልቡ ሞቀ። እግሬ ነው፣ አለ በሆዱ። ይሄ እግር። ሆስፒታሉ ግቢ ሲገቡ ዘጠኝ ፐርሰንት ቀርቶታል።

«ዘጠኝ!» አለ፣ መሪውን መታ መታ እያደረገ። «ዘጠኝ አተረፍኩልሽ! እስቲ አሁን ኤሊ ይበሉኝ!»

 ዞሮ በሩን ከፈተና እጇን ያዘ፤ የእሷ እጅ ከእሱም ይብስ ቀዝቅዟል። ሊያነሳት ሌላ እጁን ከሥሯ ሲሰድ ወንበሩ የቀዘቀዘ ነው። ካፖርቷን ገለጠ። በወንበሩ ጎን ያለችው ቁልፍ መብራቷ ጠፍቷል።

«መቼ ነው ያጠፋሽው?»

«ጣቢያው ላይ። አንተ ገመዱን ስትታገል።» ከንፈሯ ታስሮ ቃሉ እየተሰባበረ ነበር የሚወጣው። «ቁልፍ ሁሉ አፍ አለው… አንተ አይደለህ ያልከው?»

የዚያች ቁልፍ አፍ የወፍ አፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ብትሠራ የምትወስደው ከምንም አይቆጠርም። ይህን ኤሊው ያውቃል፤ ለእሷ ግን ነግሯት አያውቅም። ሲቆጥብ ለይቶ፣ ሲያስተምር ግን በደፈናው ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእሱ ነበር የተተረተው።

ደግፎ አስገባት። የማሽኑ ክፍል ነርስ ክንዷን ዳሰሰች፤ ግፊቷን ስትለካም ፊቷ ተለወጠ።

«ምን ነካችሁ? በእግር ነው እንዴ የመጣችሁት?» አለች። «ደም ግፊታቸው ወርዷል። እንዲህ ቀዝቅዘው ማሽን ላይ አላወጣቸውም።»

«እባክሽ ልጄ…»

«አባቴ፣ ልብ ሊቆም ይችላል። እናሙቃቸውና እንየው። ካልሆነ ማሽኑን ተረኛው ይወስደዋል።»

ሁለት ብርድ ልብስ ደረቡላት፤ የሞቀ ውሃ በላስቲክ አድርገው ብብቷ ሥር ከተቱላት። ኤሊው ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኮ እግሯን በሁለት እጁ ይዞ ተነፈሰበት። ተረኛው ሰውዬ፣ እንደ እሷ ያበጠ ሰው፣ ግድግዳ ተደግፎ ያየዋል። ኤሊው የሰውዬውን ዓይን ሊያይ አልደፈረም፤ ቀና ካለ ምን ብሎ እንደሚለምነው አያውቅምና። በመጨረሻ ነርሷ ግፊቷን ለካች፤ እንደገና ለካች።

«ይግቡ» አለች። «ግን ለአጭር ጊዜ ነው። ሙሉውን አይችሉትም።»

በሩ ተዘጋ።

ኤሊው ወደ መኪናው ሄደ። በዚህ በኩል መብራት አልጠፋም፤ ከሆስፒታሉ ብዙም የማይርቅ ቻርጅ ማድረጊያም አለ፤ ዘጠኝ ፐርሰንት አድርሶ ይመልሳል። ሌላ ቀን ቢሆን የሚያደርገው ይህንን ነበር። ወንበሯ ላይ እጁን ጫነ። ከዚያ የወንበሩን ማሞቂያ ከፈተ። የአየሩንም ከፈተ፣ እስከ መጨረሻው። የመስታወቱንም ከፈተ። ሁሉንም አፍ ከፈተና ራሱ ውጭ ቆሞ ጠበቀ።

የግቢው ዘበኛ ጠጋ አለው። «አባባ፣ ሰው በሌለበት እየሠራ ነው። ባትሪው ያልቅብዎታል እኮ።»

«ይለቅ።»

«አይ፣ ብዬ ነው። ወደ ቤትዎ በምን…»

«ይለቅ አልኩህ፣ ልጄ።»

እሷን በተሽከርካሪ ወንበር ሲያመጧት ቁጥሩ አንድ ላይ ነበር። አቅፎ አስገባት፤ በሩን ፈጥኖ ዘጋ። እሱም በወዲያኛው በኩል ገባ። ማሞቂያው ጥቂት ተነፈሰና ጸጥ አለ፤ ሰሌዳው ጨለመ።

«አለቀ እንዴ?» አለች።

«አለቀ።»

«በምን እንሄዳለን?»

«እንጃ። የሚጎትተን ሰው እጠራለሁ።»

ጀርባዋን ወንበሩ ላይ ለቀቀች። ዓይኗን ጨፈነች።

«ሞቆሻል?» አላት። 

«አሁን ሞቀኝ።»

ሙቀቱ ጥቂት አብሯቸው ቆየ። ወንበሩ መቀዝቀዝ ሲጀምር ኤሊው ካፖርቱን አውልቆ ደረበላት፤ ከዚያ ስልኩን አወጣ።