ጉሮሮዬን ያስከፈተኝ ጌታ

ጌታ ይባረክ ወገኖቼ! ዛሬስ ዝም አልልም። ንግግር አላውቅም፣ ጽሕፈቴም ዶሮ የጫረችው ነው፤ ግን ጌታ ያደረገልኝን በገዛ እጄ ጽፌ መጥቻለሁ። ታገሡኝ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ ውጭ ነው። ባለቤቴን አስካለን እሑድ እሑድ እዚህ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አወርድና መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ሬዲዮ እሰማለሁ። «ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ» ስትሉኝ፣ «እናንተ የጸለያችሁት ለእኔም ይደርሳል» እያልኩ እስቅባችሁ ነበር። ስሙ ይክበር፣ እሱ ግን አልሳቀብኝም!

ሶ፣ ሕመሜ ቶንሲል ነው። አትሳቁ! እኔም የልጅ በሽታ ይመስለኝ ነበር። እዚህ አሜሪካ፣ ሆሊውድ ውስጥ ፓርኪንግ ስሠራ ይነሣብኛል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ምራቅ ስውጥ እሾህ ነው። ክሊኒክ ያለው ሐኪም ጉሮሮዬን በጥጥ ጠርጎ ይመረምርና አንቲባዮቲክ ይሰጠኛል። ትንሽ ሻል ሲለኝ የቀረውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ሲመለስብኝ ያንኑ እውጣለሁ። ሕመሙም መመላለሱን አልተወም። በኋላ ሐኪሙ፣ «ይሄ እየተመላለሰ ነው፤ አንዱ ጎን ደግሞ ከሌላው ተልቋል። በሰርጀሪ ይውጣና ይመርመር» አለኝ። ጥዬው ወጣሁ።

ለምን? ልንገራችሁ። አገር ቤት ሳለን ታናሽ ወንድሜን ቶንሲል ያዘው። ቶንሲል የሚያወጡ ሰውዬ ተጠሩ፤ በጥፍራቸው ነበር የሚቧጥጡት። አባቴ «ጭንቅላቱን ያዝ» አለኝ፤ ያዝኩ። ደሙ አልቆም አለ። እጄ ላይ ነው ያለፈው። ከዚያ ወዲህ ጉሮሮዬን ሰው አይነካውም ብዬ ምዬ ነበር።

አንድ ጠዋት ተነሣሁ፤ አፌ በደንብ አልከፈት አለ። ምራቄ በከንፈሬ ጥግ ይፈስሳል፤ ድምፄ ትኩስ ገንፎ እንደ ጎረሰ ሰው ሆነ። ጋደም ስል ትንፋሼ ቁርጥ ይላል። አስካለ የመኪናውን ቁልፍ ነጥቃኝ ኢመርጀንሲ አደረሰችኝ። ዶክተሯ በመብራት አየችኝና ፊቷ ተለወጠ። አስተርጓሚ በስልክ አመጡልን፤ የአገራችን ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ዶክተሯ የምትለው፣ ከቶንሲልዎ ጎን መግል ቋጥሯል። አሁኑኑ መውጣት አለበት። ከቆየ መተንፈሻዎን ሊዘጋው ይችላል።»

ራሴን ነቀነቅኩ። እምቢ!

«ይሄ ሰውዬ በቅሎ ነው!» አለች አስካለ።

«እትዬ፣ የሚሉትን ሁሉ ነው እኮ የምተረጉመው።»

«ተርጉሚዋ! ምን ዋሸሁ?»

ተረጎመችው። ዶክተሯ አልሳቀችም፤ «የሚፈራው ምንድነው?» ብላ ጠየቀች። አስካለ የወንድሜን ነገር ነገረቻት። ዶክተሯ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለች።

«የወንድምዎ ዓይነት አይደለም። አደነዝዘዋለሁ፤ በመርፌ እስበዋለሁ እንጂ አልቧጥጥም። ቢደማም ማቆሚያው እዚሁ አጠገቤ ነው። ቀኝ እጅዎን ካነሱ ደግሞ ወዲያው አቆማለሁ።»

ኦኬ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ የገዛ እጄ ጠላቴ ሆነ! መርፌው ሲቀርብ ወንድሜ ታየኝ። እጄ መነሣት ጀመረ። ከተነሣ ታቆማለች፤ ካቆመች እታነቃለሁ፤ አውቃለሁ፣ ግን ይነሣል። አፌ አይናገር፤ በልቤ ጮኽኩ፦ «የአስካለ አምላክ! እኔ አላውቅህም። አንተ ግን ታውቀኛለህ አሉ። እጄን ያዝልኝ!»

ያዘልኝ! ሃሌሉያ! አስካለ በግራዬ ነበረች፤ ቀኜን የነካ ሰው የለም። እጄ ቀስ ብሎ ተመልሶ ጭኔ ላይ ዐረፈ።

መግሉ ወጣ። ሽታውን አላወራላችሁም። አየር ግን ገባ!

«ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?» አለች ልጅቱ ከስልኩ ውስጥ።

«ውኃ» አልኩ።

«አያችሁት? አመሰግናለሁ እንኳ አይልም!» አለች አስካለ፤ እንባዋ ይወርዳል። ጠጣሁ፤ ወረደልኝ። ውኃ እንዲህ እንደሚጣፍጥ ያወቅሁት ያኔ ነው። እዚያው አልጋው ላይ «አስካለ፣ ጸልዪልኝ፤ ጌታሽን ልቀበል» አልኳት። ክብር ለእሱ ይሁን!

መድኃኒቱን ዘንድሮስ ጨረስኩ፤ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ። እብጠቱ ሲሄድ ለሰርጀሪው ራሴ ፈረምኩ። ሕመሙ ቀላል አይደለም፤ ትልቅ ሰው ላይ ይጠናል፣ አልዋሻችሁም። የወጣውን በላብራቶሪ መረመሩት፤ ክፉ ነገር የለበትም። ይኸው፣ እንጀራ እውጣለሁ፣ ከእናንተ ጋር እዘምራለሁ። ድምፄ አያምርም፤ ቻሉኝ።

አንዳንዱ፣ «ጌታ ካለ ሐኪም ለምን አስፈለገ?» ይለኛል። ወንድሜ፣ ሐኪሟ መግሉን አወጣችው። ፍርሃቴን ግን ያወጣ መርፌ የለም፤ እሱን ጌታ ነው ያወጣው። የጉሮሮ ሕመም የሚመላለስብህ ካለህ ሂድና ታይ፣ የሰጡህንም ጨርስ። ፈርተህ ውጭ የተቀመጥህ ደግሞ ካለህ ዛሬ ግባ። እኔን የሚያህል በቅሎ የተቀበለ ጌታ አንተን አይመልስም።