የአባያ ሐይቅ መሃል

ዘንድሮ ያጣናቸው አጎቴ የአባያን ሐይቅ ወለል ለካርታ ይለኩ ነበር። እኔም ረዳታቸው ነበርኩ። ሞራ የተቀባ ከባድ ብረት በገመድ ወደ ውሃው እንለቃለን። ብረቱ ሲወጣ ሞራው ላይ የተጣበቀውን ጭቃ በጣታቸው ያሹና፣ የራሳቸውን ሐሳብ ሳይናገሩ «እስቲ አንተም ንካው» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ወደ መሃሉ ስንገባ ነፋስ ተነሣ። ብረቱ ከሥር ድንጋይ መሃል ተቀረቀረና ጀልባዋ አዘነበለች። ሌላ ገመድም ብረትም አልነበረንም።

«ጋሼ፣ ይቁረጡት!» አልኩ።

ገመዱን እንደያዙ አዩኝ፤ ከዚያ በቢላዋ ቆረጡት። ዳር ስንደርስ በዛለ ድምፅ «ካርታው ላይ መሃሉን ባዶ ተወው፤ ያልነካነውን አንሥልም» አሉኝ። ሌላ ገመድ ሳይመጣ ታመው አረፉ።

አዲሱ ገመድና ብረት የመጣው ከቀብራቸው በኋላ ነው። ትናንት ከሐይቁ መሃል ጭቃ አወጣሁና እንደደከመኝ ሶዶ ወጥቼ ባለቤታቸው ዘንድ ሄድኩ።

«ምን አገኛችሁ?» አሉኝ።

«ጭቃ ነው፣ እትዬ። ጥቁር ጭቃ።»

«ለጭቃ ነው እንዲያ የለፉት?» ብለው አለቀሱ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።