ድንኳን ባዶውን አይታጠፍም

ቅዳሜ ጠዋት ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው አቀበት ቤት ልገዛ ሄጄ፣ ለቅሶ ደርሼ ተመለስኩ።

ሥራዬ የግንባታ ዕቃ መሸጥ ነው። እጄ ላይ ትርፍ ሲኖር ደግሞ ሌላው ሰው የሚሸሸው ሰፈር ገብቼ አሮጌ ቤት እገዛለሁ። መንገዱ ጭቃ፣ አጥሩ ዝገት የበላው ቆርቆሮ ቢሆን ግድ የለኝም። ግቢው ሰፋ ካለ ክፍል ክፍል አድርጌ አከራየዋለሁ። ድሃ ሰፈር ተከራይ አያጣም።

ይሄንን ቤት ያመጣልኝ ሲሳይ የሚባል ደላላ ነው። ሻጩ የቤቱ ባለቤት የሆኑት ሴትዮ የእህት ልጅ ነው። አክስቱ ደብረ ብርሃን ልጃቸው ጋ ጠቅልለው ገብተዋል፣ ለእሱም ሙሉ ውክልና ሰጥተውታል ተባልኩ። ካርታውንም ውክልናውንም አየሁ፤ እንከን የላቸውም። የቀረኝ ቤቱን በዓይኔ አይቼ ቀብድ መክፈል ብቻ ነበር።

መኪናዬን አስፋልቱ ያለቀበት አቁመን በእግራችን ወጣን። የእንጦጦ ጉም ከባሕር ዛፉ ላይ ገና አልተነሳም።

«ውስጥ አንዲት አሮጊት ተከራይ አለች» አለኝ ሲሳይ እያለከለከ። «ትንሽ ይነካካታል። የምታወራውን አትስማት።»

ይቺን ቃል በልቤ ያዝኳት።

መታጠፊያውን እንዳለፍን ሲሳይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ልናየው የመጣነው ቤት በር ላይ የዕድር ድንኳን ተተክሏል።

«ተመለስ፣ ሌላ ቀን እንመጣለን» አለኝ በሹክሹክታ።

«ለቅሶ ታልፎ ይኬዳል እንዴ? ነውር አይደለም?»

እውነቱን ለመናገር ሌላም ሐሳብ ነበረኝ። ለቅሶ ቤት ትንሽ አረፍ ያለ ሰው፣ ደላላ የማይነግረውን ሁሉ ሰምቶ ይነሳል። ብዙ ቤት የተውኩት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ በሰማሁት ወሬ ነው።

ገባን። አግዳሚው ሞልቷል። ሁሉም ቀና ብለው አዩን፤ ከዚያ መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ። የሚያለቅስ የለም። የሟች ፎቶ የለም። አንዲት ሴት ንፍሮ አዞረች፤ ዘገንኩ።

ፊት ለፊቴ የሐዘንተኛ ፍራሽ ላይ ጥቁር የለበሱ አሮጊት ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት እማማ። ማን ነው ያረፈው?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ወደ አፌ ያነሳሁትን ንፍሮ መለስኩት።

«ምን አሉኝ እማማ?»

«የሞትኩት እኔ ነኝ ልጄ። የእህቴ ልጅ ቆጣሪ ላስቀይርልሽ ብሎ ወስዶ አስፈረመኝ። ለካስ ቤቴን ሊሸጥበት ኖሯል። ዛሬ ገዢው ሊያይ ይመጣል ሲሉ ሰማሁ። እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው፤ እንግዲያው እያየሁ ይለቀስልኝ ብዬ የዕድሩን ዳኛ ለመንኳቸው። እሺ አሉኝ። ምን ያድርጉ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከፍያለሁ!»

«ኧረ እትዬ ሙሉ፣ ሟች እንዲህ አያወራም!» አለች ንፍሮ ያዞረችው ሴት። ጥቂቶች ሳቁ። ሳቁ ወዲያው ጠፋ።

«አንተስ ልጄ፣ የማን ወገን ነህ? አላወቅኩህም።»

ሲሳይ እግሬን ረገጠኝ።

«መንገደኛ ነኝ እማማ።»

ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ «መንገደኛ...» ብለው ቀስ አድርገው ደገሙት።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ወረቀቱ አልቋል። ሰኞ ብንፈራረም ቤቱ የእኔ ነው። ውክልና የሰጠ ሰው ግን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል። ይሄን ድንኳኑ ውስጥ ከእኔና ከሲሳይ በቀር የሚያውቅ ያለ አልመሰለኝም። ድንኳን መትከል ያላቃታቸው ሰዎች፣ ውልና ማስረጃ መሄድ አልታያቸውም።

ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። «እማማ፣ ለመቀበር አይቸኩሉ። ሰኞ በጠዋት መታወቂያዎን ይዘው ውልና ማስረጃ ይሂዱና ውክልናውን ሽሬያለሁ ይበሉ። ከዚያ በኋላ ልጁ ሊሸጠው አይችልም።»

ለጽድቅ ብዬ አይደለም። ሰፈር ያለቀሰበትን ቤት ማን ይከራየዋል?

ተሰናብተን ስንወጣ ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌ እስከ መታጠፊያው ሸኙኝ። የዕድሩ ዳኛ እሳቸው ናቸው።

«ገዢው አንተ ነህ» አሉኝ። ጥያቄ አልነበረም።

«ነበርኩ አባባ።»

«ሟርት ነው ብለው ጎረምሶቹ ፈርተው ነበር። ድንኳን አንዴ ከተተከለ፣ ሰው ሳይቀበር ባዶውን አይታጠፍም ይባላላ። ግዴላችሁም ትከሉት፣ የሚታጠፈው በእሷ አይደለም አልኳቸው።»

«በማን ነው ታዲያ?»

እጄን ጨብጠው ረዘም ላለ ጊዜ ያዙኝ። ከዚያ፣ «ለቅሶ ስለደረስክ እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው ተመለሱ።

ዛሬ ሲሳይ ደወለ። «ሴትዮዋ ሰኞ ሄደው ሽረውታል! ኮሚሽኔን ገደል ከተትከው።»

«ቤቱ ከተረፈ ድንኳኑ ታጠፈ አይደል?»

«አልታጠፈም። የእህት ልጃቸው ትናንት መጥቶ ድንኳኑን ሲያይ፣ አክስቱ የሞቱ መስሎት እየጮኸ ገባ አሉ። ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ሲያያቸው ጩኸቱ አፉ ውስጥ ቀረ። ወጥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም፣ ስልኩም ዝግ ነው።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ዳኛው ግን ጠዋት ደውለውልኝ ነበር... ስምህን ከነአባትህ ጠየቁኝ።»

«ሊያመሰግኑኝ ይሆናላ። ነገርካቸው?»

«ከነአያትህ ነገርኳቸው።»

እኔም ስልኩን ዘግቼ፣ የራሴን ሰፈር ዕድር መዋጮ ከነውዝፉ ከፍዬ መጣሁ።