ለማህሌት ትምህርት ቤት ስንፈልግ

«አፍሽ ከባጃጁ ይቀድማል። ደንበኛ ታባርሪብኛለሽ።»

እንዲህ ያለኝ የባጃጁ ባለቤት አብዶ ነው፤ ቁልፉን በሰጠኝ በመጀመሪያው ቀን፣ ፊት ለፊቴ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም ነበር። ቤት መቀመጥ ደግሞ አልችልም፤ ያመኛል። መንጃ ፈቃድ አወጣሁና ሄድኩበት።

«አቦ፣ ደንበኛ ካባረርኩ ቁልፍህን ውሰድ» አልኩት። ሳቀና ሰጠኝ።

የዚያን ቀን ተራ አስከባሪው ደጋግሞ ዘለለኝ። ሲበቃኝ ባጃጄን የተራው መውጫ ላይ አቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ። ከኋላዬ ያለው ሁሉ በክላክስ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ተራዬን የዘለለ የለም።

አሁን ዋናው ሥራዬ የተማሪ ኮንትራት ነው። ጠዋት ከየቤታቸው እሰበስባለሁ፤ ሲለቀቁ እመልሳለሁ። ሰው ሥራው መሪ ማዞር ብቻ ይመስለዋል። ግማሹ በር ላይ መቆም ነው። ሞተር አጥፍተሽ፣ ጥላ ፈልገሽ፣ ልጆቹ እስኪወጡ ትጠብቂያለሽ። እዚያ ቆመሽ ብዙ ታያለሽ። ማን ተቃቅፎ እንደሚወጣ፣ ማን ሰው ሁሉ ካለፈ በኋላ ግድግዳ ታክኮ እንደሚወጣ። ዘበኛው ልጁን በስሙ ይጠራዋል ወይስ በዱላ ይነዳዋል። እኔ ትምህርት ቤት የማውቀው ከበሩ ነው።

እትዬ አስናቀች ባሏ ለሥራ ሲዛወር ከደሴ ወደ ድሬዳዋ የመጣች ናት፤ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይተው ነበር። እኛ ድሬዎች ለትልቁም ለትንሹም «አንተ»፣ «አንቺ» ነው የምንለው። መጀመሪያ «አንቺ» ስላት ፊቷን አጨማደደች፤ ኋላ ለመደችው። ልጇ ማህሌት አሥረኛ ክፍል ልትገባ ነው። የሚጥል በሽታ አለባት። ደሴ እያለች ክፍል ውስጥ ወደቀች፤ ከዚያ በኋላ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። እሷም መሄድ አቆመች። እዚህም የሚቀበላት ካልተገኘ ቤት ትቀመጥ ብሏል አባቷ። ትምህርት ተጀምሯል፤ ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ቀን ቀርቶታል።

እትዬ ትምህርት ቤት ልትፈልግ የኔን ባጃጅ ያዘች፤ መጀመሪያ እሷ የመረጠችው ጋ ሄድን። እዚያው ከዚራ ነው፤ ዛፍ የሞላበት፣ ግድግዳው አዲስ የተቀባ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ወንበር አቀረበልን። መልቀቂያዋን አየ፤ ውጤቷን አደነቀ። እትዬ ስለ በሽታው ስትነግረው ወረቀቱን አጥፎ መለሰላት።

«ለልጅቷ ብለን ነው» አለ። «እኛ ጋ ሐኪም የለም።»

«ሐኪም ያለበት ትምህርት ቤት የት ነው?» አልኩት።

እትዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ሁለተኛው ተቀበላት፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። እናትየው በየቀኑ በር ላይ ትቀመጣለች፣ ልጅቷ ደግሞ ለብቻዋ ከኋላ ትቀመጣለች። እትዬ ልትፈርም እስክሪብቶ አነሳች። «እማዬ፣ አትፈርሚ» አለች ማህሌት። ብድግ ብላ ወጣች፤ ባጃጁ ውስጥ አገኘናት።

በማግስቱ «መጋላ ሰፈር የማውቀው አንድ ትምህርት ቤት አለ» አልኳቸው። እዚያ በር ላይ ዓመት ቆሜያለሁ። በክራንች የምትሄድ ልጅ አለች። አንድም ቀን ብቻዋን ስትወጣ አላየኋትም። ሁልጊዜ መሃል ላይ ናት፤ ቦርሳዋን ሌላ ሰው ይዞላት፣ እየተሳደበችና እየሳቀች።

እትዬ ወንዙ ማዶ መሆኑ ከበዳት። «ማንንም አናውቅም እዚያ» አለች።

«ከዚራስ ማንን ታውቂያለሽ?»

ተነስታ ባጃጁ ውስጥ ገባች። የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ተሻግረን የመጋላ ጠባብ መንገድ ውስጥ ስንገባ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ዛሬ ስለ በሽታው አንድ ቃል እንዳታወጪ። ከተመዘገበች በኋላ ይደረስበታል።»

ፍሬን ያዝኩ። «ካልተናገርሽ እኔ እናገራለሁ።»

«ልጅቷ የማን ናት?»

«ያንቺ ናት። ስትወድቅ ግን አንቺ የለሽም፤ እነሱ ናቸው ያሉት።»

«ሹፌር ነሽ፤ ንጂ» አለችኝ። ነዳሁ። ተናድጄ ነበር፤ ጉድጓዱን ሁሉ አልማርኩትም።

በሩ ላይ ዘበኛው ኦቦ አሕመድ መታወቂያ ሲጠይቀን ማህሌት እጄን ያዘች። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እሷ ደግሞ በጭንቀት ቁርስ አልበላችም ነበር። እጇ ደረቀ። ከዚያ ወደቀች፤ እግሯ ይንፈራገጥ ጀመር።

የዕረፍት ሰዓት ነው፤ ግቢው በተማሪ ሞልቷል። እትዬ ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች። አለቀ አልኩ በልቤ። ኦቦ አሕመድ ከኪሱ ክብሪት አወጣ። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ለወደቀ ሰው ክብሪት ጭሮ ያሸትተዋል።

«ኦቦ አሕመድ፣ ተው። ክብሪት አይሆንም ተብለናል እኮ» አለች አንዲት ተማሪ። ሂክማ ትባላለች። ሮጣ አልመጣችም፤ ረጋ ብላ ነው የመጣችው። የላይኛውን ሻሿን አውልቃ ከማህሌት ራስ ስር አደረገች። የቀሚሷን የአንገት ቁልፍ ፈታችላት። መንፈራገጡ ሲበርድ ወደ ጎኗ አዞረቻት። ሌሎቹ ሴት ተማሪዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ዙሪያውን ቆሙ፤ ማንም ወደ ውስጥ እንዳያይ።

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«ክፍላችን ፈርዶሳ የምትባል ልጅ አለች። እሷም እንዲህ ትሆናለች። ነርስ መጥታ አሳይታናለች።»

ኦቦ አሕመድ ክብሪቱን ወደ ኪሱ መለሰ። «እኔ ያን ቀን ፈረቃዬ አልነበረም» አለ።

መምህር ዩሱፍ መጣ፤ የዚህኛው ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነው። መልቀቂያ አልጠየቀም። ወደ እትዬ ጎንበስ ብሎ «መድኃኒቷን የምትወስደው በስንት ሰዓት ነው?» አላት።

እትዬ ከነጠላዋ ውስጥ ቀና አለች። ምን ልትዋሽ ትችላለች? «ጠዋትና ማታ» አለች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው፤ ከደሴ ጀምራ።

ማህሌት ስትነቃ መጀመሪያ ያየችው ቀሚሷን ነው። ረጥቧል። ሂክማ ሹራቧን ወገቧ ላይ አሰረችላትና አስነሳቻት።

«ፈራሽኝ?» አለቻት ማህሌት።

«አቦ፣ ምንሽ ያስፈራል። ግን ጉልበቴን መትተሽኛል፤ ጫማሽ ድንጋይ ነው።»

ማህሌት ሳቀች። እኔ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ተያይዘው ወደ መታጠቢያው ሄዱ።

ብዙ ልጅ አመላልሻለሁ። እንደዚያ ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም፤ ያን በር መርጬ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ።

ኮንትራት ለምትጭኑ ሁሉ የምለው ይህ ነው። የታመመ ልጅ ስትጭኑ በሽታውን እወቁ። ለዘበኛውም ለመምህሩም ንገሩ። ክብሪት አትጫሩ። አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ።

መምህር ዩሱፍ ማህሌትን መዝግቦ ሲጨርስ ደወል ተደወለ። ማህሌት ከሂክማ ጋር እያወራች ወደ ክፍል ገባች። እትዬ ግቢው መሃል ቆማ ቀረች።

«እትዬ፣ እንሂድ። በሩ ሊዘጋ ነው።»

«ትንሽ ልቆይ» አለች።

ኦቦ አሕመድ የራሱን ወንበር ጥላ ስር አወጣላት። እኔ ከዚራ የሚጠብቁኝ ልጆች ነበሩ። ባጃጄን አስነስቼ ሄድኩ።