የኪቴንጌላው የሜዳ አህያ

ወንድሜ ገብረመድህን መሞቱን የሰማሁት ኪሌሌሽዋ ሰፈር ባለው ቤቴ ምስር እየለቀምኩ ሳለ ነው። የሥራ ባልደረባው ፍራኦል ደወለና፣ «እትዬ፣ ኪቴንጌላ መንገድ ላይ የሜዳ አህያ ድንገት ገባብን ይላል ሾፌሩ። እንዳይገጨው መሪውን ሲያዞር መኪናው ተገለበጠ» አለኝ።

ገብረመድህን የዱር እንስሳት ተመራማሪ ነበር። ከትንሽ አውሮፕላን ላይ ሆኖ የሜዳ አህያና ቆርኬ ይቆጥራል። በአንድ መስኮት በኩል ሁለት ቆጣሪ ያስቀምጥና እንዳይነጋገሩ ይከለክላቸዋል። «ሰው ጓደኛው የጠራውን ቁጥር ነው የሚያየው» ይል ነበር። ሻዩ ስኳር እንዳለው ብነግረው እንኳ ቀምሶ ነው የሚያምነኝ። «እቴቴ፣ አንቺም ቆጣሪ ነሽ» ብሎ ይስቅብኛል።

ሾፌሩ ሙቲሶ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ጭረት እንኳ የለበትም። ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ሲወጣ ወደ ፍራኦል ጠጋ አልኩ።

«ወንድሜ እዚያ ቦታ አጥር ከታጠረ ወዲህ አንድም የሜዳ አህያ አያልፍም ይል አልነበር?»

«ይል ነበር። ጥናቱም ላይ ጽፎታል።»

«ታዲያ ይሄኛው ከየት መጣ?»

ፍራኦል ቀና ብሎ አላየኝም። «አጥሩ ፈርሶ ይሆናላ፣ እትዬ። አሁን እንዲህ ያለውን ይተዉት፤ እግዜር ያጽናዎት።»

ፈርሶ ከሆነ፣ እንስሳቱ መመለሳቸውን ቢሰማ ከወንድሜ በላይ ደስ የሚለው ሰው አልነበረም። ካልፈረሰ ግን ሙቲሶ ዋሽቷል።

እስካሁን አጥሩን ሄዶ ያየ ሰው የለም።